አፉ የተሰፋ መያዣ

እትዬ አበዛሽ ግቢ የገባሁ ዕለት ስለ ኪራዩ የጠየቀኝ ሰው የለም። ከጎኔ ያለውን ክፍል የያዘችው ሰብሌ፣ ፀጉር ቤት የምትሠራዋ፣ ገና ፍራሼን ከአህያ ላይ ሳላወርድ በሯ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«መያዣ ምን ሰጠሽ?» አለችኝ።

«ገብስ። አንድ ኩንታል።»

«ገብስ!» ሳቀች። «እኔ ብርድ ልብስ ነው ያስያዝኩት። አዲስ፣ ከነላስቲኩ። እስካሁን ካለ ነው እንግዲህ።»

«ለምን አይኖርም?»

ወደ ዋናው ቤት ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። «ሰፈሩ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው አልሰማሽም? መያዣ በላ። እኔ አላልኩም ደግሞ።»

አልሰማሁም ነበር። ብሰማስ ወዴት እሄዳለሁ? ገብሱ ጓዳ ገብቷል፣ ጓዳው ተቆልፏል፣ ቁልፉም እትዬ አበዛሽ አንገት ላይ ከማተባቸው ጋር ተንጠልጥሏል።

መካነ ሰላም ውስጥ ቤት የሚያከራይ ሰው ሁሉ መያዣ ይጠይቃል። ተከራዩ ግድግዳ ቢያበላሽ፣ አምፖል ነቅሎ ቢሄድ፣ የመጨረሻውን ወር ሳይከፍል ቢጠፋ ከዚያ ላይ ይቆረጣል። ሌላው አከራይ የሚይዘው ብር ነው። እትዬ አበዛሽ ግን ብር አይነኩም። ቤቱን ለማየት የሄድኩ ቀን በሩ ላይ አቁመው እንዲህ አሉኝ፦

«ብር አልይዝም። ብር እጅ ከገባ የማን እንደሆነ አይለይም። እንደሰጠሽኝ አድርጌ የምመልስልሽ ነገር አምጪ።»

«እህል ይሆናል?»

«አፉን ራስሽ ከሰፋሽው ይሆናል። እኔ አልከፍተውም፣ አንቺም አትከፍችውም።»

ደስ አለኝ። ብርማ ከየት ይመጣል? መንገዱ ተዘግቶ የከረመበት ዓመት ነው፤ ትምህርት ቤቱ እንኳ ዘግይቶ የተከፈተው በጥር ነበር። ልጄ ሰገነት አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች። እኔ እንዳቋረጥኩት እሷም እንዳታቋርጥ ብዬ ነው ከገጠር ተነስቼ ከተማ የገባሁት። ምግብ ቤት ዕቃ አጥባለሁ፤ የማገኘው ለኪራይና ለሽሮ ነው።

ገብሱ የዘር ገብስ ነበር። አባታችን ያቆየልን ነጭ ገብስ ነው፤ ወንድሜ ይሄነውና እኔ በምንካፈላት መሬት ላይ ከሱ ሌላ አይዘራም። የሚዘራው በሰኔ ነው። ከጥር እስከ ሰኔ ግን ቤት ውስጥ አይቆይም። ዱቄት ያለቀ ቀን «ትንሽ ብቻ» ተብሎ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም። ባለፈው ዓመት እንዲያ ሆነን ያንኑ ነጭ ዘር ከጎረቤት ለምነን ዘርተናል። ስለዚህ ይሄነው መያዣውን ስነግረው አላዘነም።

«ሴትዮዋ ይያዙት» አለ። «ከእኛ ከራሳችን ያድኑልናል።»

ዘር መሆኑን ግን ለእትዬ አበዛሽ አልነገርኳቸውም። ሰኔ ላይ እንደሚያስጨንቀኝ ካወቁ በገብሱ አንቀው ይይዙኛል፣ ግድግዳውንም በሩንም ያስከፍሉኛል ብዬ ፈራሁ። ገብስ ነው አልኩ፤ ዝም ብሎ ገብስ። ጎረቤቱ እህል ነጋዴ ሀምዱ ሚዛኑን አምጥቶ መዘነልን። የማዳበሪያውን አፍ በጥቁር ሲባጎ ሰፋሁና አባቴ እንደሚቋጥረው አድርጌ ቋጠርኩት። እትዬ አበዛሽ ቋጠሮውን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይህን የሚፈታ ሌላ ሰው የለም?» አሉ።

«የለም።»

«ይሁን።»

እኚህ ሴት የተወለዱት አጅባር አካባቢ ነው። ገና ልጅ ሳሉ ለመሪጌታ ተድረው መጡ፤ እኛ የምንከራያቸው ክፍሎች ያኔ የመሪጌታ ተማሪዎች የሚያድሩባቸው ነበሩ። መሪጌታ ሲሞቱ ተማሪው ተበተነ። ልጅ አልወለዱም። ከዚያ ወዲህ የሚኖሩት በኪራይ ነው፤ ከአጅባር ወንድማቸው በዓመት አንድ ጊዜ እህል ይልክላቸዋል። ይህን የነገረችኝ ሰብሌ ናት። መያዣ በላ የሚባሉት ደግሞ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለወራት ያስያዛቸውን ብር በልተው ሽማግሌ ፊት ስለቆሙ ነው አለችኝ። «በልተው» ስትል በደንብ አጠበቀችው።

ኑሮው ከባድ አልነበረም፤ ዓይናቸው ነው የከበደኝ። በሬን ሳያንኳኩ ይገቡና መሀል ቆመው ዙሪያውን ያያሉ።

«ትናንት አምፖሉ እስከ ስንት ሰዓት በራ?»

«ልጅቱ ታጠናለች፣ እትዬ።»

«ቀን ምን ትሠራለች?»

«ትምህርት ቤት ትውላለች።»

«እዚያም ተምራ እዚህም ታጠናለች? ቆጣሪው የአንድ ሰው እኮ አይደለም።»

አንድ ቀን ደግሞ ግድግዳዬን ሲያዩ ቆይተው፣ «ስትገቢ አራት ሚስማር ነበር» አሉ። እኔ ቆጥሬ አላውቅም። ውሃ ስቀዳ በመስኮት ያያሉ፤ ልብስ ሳሰጣ የማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሰገነት ጓደኛዋን ይዛ የመጣች ቀን ልጅቱ እስክትወጣ ድረስ ደጃፋችን ላይ ተቀምጠው ጥጥ ፈተሉ።

እኔም አየኋቸው። ውሸት ምን ያደርጋል፤ እሳቸው እኔን እንደሚያዩኝ ነው ያየኋቸው። ጓዳው በተከፈተ ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ። ከጓዳ ሲወጡ ነጠላቸው ላይ ዱቄት ይኖር እንደሆነ አያለሁ። ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ምን ተሸክመው እንደሆነ ሰብሌን እጠይቃለሁ። ዕቃሽ የሌላ ሰው ቤት ተቆልፎበት ሲያድር እንዲህ ያደርጋል።

ከፋሲካ በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው። ከሥራ ስመለስ ግቢው በገብስ ቆሎ ሽታ ታውዷል። እትዬ አበዛሽ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ጠሩኝና እጄን አስዘርግተው አንድ እፍኝ ሙሉ አደረጉልኝ።

«ብዪ።»

አየሁት። ነጭ ገብስ ነው። ፍሬው ወፍራም፣ ጫፉ ደልደል ያለ። የሳቸው ገብስ ጥቁር መሆኑን አውቃለሁ፤ ከአጅባር ሲመጣ ሲያራግፉት አይቻለሁ።

«ከየት ገዙት፣ እትዬ?»

«መብላት ነው ወይስ መመርመር?»

አፌ ውስጥ ጨመርኩት። ጣዕሙ የቤታችን ገብስ ነው። አመሰግናለሁ ብዬ ገባሁና የቀረውን በወረቀት ጠቅልዬ ትራሴ ስር አስቀመጥኩት። ለምን እንዳስቀመጥኩት እንጃ፤ ማስረጃ ይሆናል ብዬ ይሆናል። ማን ፊት እንደማቀርበው ግን አላውቅም።

ሰብሌ ስትሰማ ጉንጯን ያዘች። «ኩንታልሽ እየተቆላ ነው በይኛ!»

«ዝም በይ፣ ይሰሙሻል።»

«ይስሙኝ። እኔ ብርድ ልብሴን ነገ ነው የማየው። ጠይቄ ነው የማየው።»

አልጠየቀችም። ማንም አይጠይቃቸውም።

ጥቂት ቆይቶ ጓዳው ተከፍቶ እሳቸው የግቢው በር ላይ ከሰው ጋር ሲያወሩ በዚያ አለፍኩ። ማዳበሪያዬ ያስቀመጥነው የእንጨት እርብራብ ላይ የለም። በሱ ፋንታ ሰማያዊ ጽሑፍ ያለበት ሌላ ማዳበሪያ ቆሟል፤ አፉ የተሰፋውም በቢጫ ሲባጎ ነው። ቋጠሮው የእኔ አይደለም።

በገበያ ቀን ይሄነው ሲመጣ ነገርኩት። እሱ ጥቂት አሰበና፣ «አሁን ብትናገሪ ያስወጡሻል፣ ልጅቱም ትምህርቷ መሀል ላይ ይቀራል» አለ። «ሰኔ ይድረስ። ጎደሎ ከሆነ በሰው ፊት ነው።»

እሺ አልኩት። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌሊት ሁሉ የማስበው ማሳችንን ነበር፤ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ዘር አጥቶ።

ሰኔ ሲገባ ልውጣ ነው አልኳቸው። ትምህርት ተዘግቷል፤ ይሄነውም ለዘሩ በሚቀጥለው ገበያ አህያ ይዞ ይመጣል። እትዬ አበዛሽ መጀመሪያ ክፍሉን ፈተሹ። ምርጊቱን በጣታቸው እየነኩ ዞሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ግድግዳ ነው፣ እትዬ።»

«ግድግዳ መሆኑን እኔ ነኝ የማውቅ። ጥቁረቱን ነው የምልሽ።»

«ስገባም ነበር።»

«ስትገቢ ይሄን ያህላል?» መዳፋቸውን አሳዩኝ። «አሁን ይሄን ያህላል።» ሁለት መዳፍ አደረጉት። ከዚያ ግን ስለ ጥቁረቱ ምንም አልጨመሩም። ዞረው ወጡና በአጥሩ በኩል ሀምዱን ተጣሩ። «ሚዛንህን ይዘህ ና! በሰው ፊት ነው የምመልሰው።»

እኔ ልለው የነበረውን እሳቸው ቀድመው አሉት።

ሀምዱ ሚዛኑን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። «ኸይር ነው? ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ እኮ። ሁለታችሁም ፊታችሁ ምነው?»

«መዝን» አሉት እትዬ አበዛሽ።

ሰማያዊ ጽሑፍ ያለበትን ማዳበሪያ እየጎተተ ከጓዳ አወጣው። እኔ ቆምኩ።

«ይሄ የእኔ ማዳበሪያ አይደለም።»

«ገብሱ ያንቺ ነው» አሉ እሳቸው።

«የሰፋሁት በጥቁር ሲባጎ ነበር።»

«ይመዘን ብያለሁ! መጀመሪያ ይመዘን።»

ሀምዱ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየና ሰቀለው። የሚዛኑን ልሳን ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየ። «ሙሉ ነው። ወላሂ እንዲያውም ጥቂት ይተርፈዋል እንጂ አይጎድለውም።»

እትዬ አበዛሽ እንዲያ ቀና ብለው አይቻቸው አላውቅም። ወደ ሰብሌ በር ዞሩ፤ ሰብሌ መጋረጃው ኋላ እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን። «ሰማሽ፣ አንቺ ሰብሌ? ያ የሚያወራ አፍሽ አሁን ይህንን ያውራ!»

መጋረጃው ተነቃነቀ።

«ይከፈት» አልኩ።

«አብሽሪ፣ እህቴ፣ ሙሉ ነው እኮ» አለ ሀምዱ።

«ይከፈት፣ ጋሽ ሀምዱ።»

ቢጫውን ሲባጎ በቢላዋ በጠሰው። ላይ ላዩ ነጭ ነው። እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩና ከታች ዘግኜ አወጣሁ። መዳፌን ስከፍት ከነጩ መሀል ጥቁር ፍሬ አለ። እንደገና ዘገንኩ። አሁንም ጥቁር አለ። በሌላው ጎን ዘገንኩ፤ እዚያም።

እትዬ አበዛሽ መዳፌን አይተው፣ «ገብስ ገብስ ነው» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ዘር ነው፣ እትዬ።»

«ምን?»

«የዘር ገብስ ነው። የምንዘራው ነው። ጥቁሩ ቀድሞ ይደርሳል፤ ነጩ ገና እሸት እያለ እሱ ይረግፋል። ይህን ዘርተን አንዱን ስናጭድ አንዱ ይጠፋል። ሌላ ዘር የለንም።»

ደጃፋቸው ላይ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ዘር መሆኑን ማን ነገረኝ?»

«ጥቁር መጨመርዎንስ ለእኔ ማን ነገረኝ?»

«አይጥ ነው» አሉ። «አይጥ ነው፣ አንቺ ልጅ! ከታች ቀዶት ሁዳዴን ሙሉ ሲበላው ከርሞ ነው የደረስኩበት። መሬት የፈሰሰውን ለቅሜ አጥቤ ቆላሁት፤ ለማንም አልሰጠሁም፤ ላንቺው ነው የሰጠሁሽ። ማዳበሪያውን ቀየርኩ። የጎደለውን ከራሴ ሞላሁ፤ እንዳይታይ ሳይሆን እንዲመሳሰል ብዬ ሰሌን ላይ አገላብጬ አዋሃድኩት። ከራሴ ቀለብ!»

«አይጥ የነካውን ነው ያበሉኝ?» አልኩ። ምን እንዳስታወሰኝ አላውቅም።

ሀምዱ ሳቁ አመለጠው። «አስተግፊሩላህ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

«አይጥ ገባበት ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበር፣ እትዬ?»

«ብነግርሽ ምን ትዪኝ ነበር? እውነቱን ተናገሪ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ያውና።»

አፌ ላይ የመጣው ውሸት አልወጣ አለ። «በልተውታል እል ነበር» አልኩ።

«ታዲያ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «አይጥ በላው ስል ማን ያምነኛል? እኔን? በእኔ ስም?»

ሀምዱ ገበያ ወስጄ ልለውጥልሽ አለኝ፤ ግን እሱም ያውቃል፣ በሰኔ ዘር የሚሸጥ ሰው የለም፤ ቢገኝም ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ይሄነው የሚመጣበት ገበያ ደግሞ ከቀናት በኋላ ነው። ማዳበሪያው አጠገብ ቆሜ ሳለ እትዬ አበዛሽ ተነሱ።

«ሰሌን አምጪ፣ ሰብሌ! መጋረጃ ስር ከመቆም እጅሽ ይሥራ። ሰፌድም አለሽ፤ ያንንም አምጪ።»

ገብሱን ሰሌኑ ላይ ዘረገፍነው። በየሰፌዳችን እያደረግን ጥቁሩን ከነጩ እየለየን ለቀማ ጀመርን። እሳቸው አጠገባቸው ጣሳ አቆሙ።

«ጥቁሩ እዚህ ይግባ። የእኔ ነው፤ ተሰፍሮ ነው የገባው፣ ተለቅሞ ይወጣል። ነጩን ደግሞ ከጥቁሩ ጋር እንዳትጥዪ፤ በኋላ አጎደለች እንዳትዪኝ።»

«እርስዎም ነጩን ወደ ጣሳው እንዳያስገቡ።»

«አየሽኝ?»

«እያየሁዎት ነው።»

«እኔም እያየሁሽ ነው።»

ሰብሌ ጉንጯን ነፍታ ሳቋን ያዘች። ከሥራ መልስ እየተቀመጥኩ፣ ሰገነትም እያገዘችኝ፣ እንደዚህ ሰነበትን። እትዬ አበዛሽ ወገባቸው እስኪቆረጥ ይለቅማሉ፤ ተነሱ ብንላቸው እንቢ ይላሉ። እኛ ብቻችንን ከገብሱ ጋር እንዳንቀር ፈርተው ይሁን፣ ወይ ሌላ ይሁን፣ እኔ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

አንድ ቀን ሰፌዳቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ። «ያ ሰውዬ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ግድግዳዬን በብሎን በሳስቶ ነው የወጣው። ብሩን ያልመለስኩት ግን ስለ ግድግዳው አልነበረም። ብሩ በእጄ አልነበረም። የመሪጌታን ተዝካር አወጣሁበት። ተማሪዎቹ ከየአገሩ መጥተው ሳይበሉ ይሂዱ? እመልሳለሁ ብዬ ነበር፤ እሱ ቀድሞ መጣ። ሽማግሌ ፊት ‘በላች’ አለኝ። የበላው መሪጌታን የወደደ ሁሉ ነው። ግን አንዳቸውም አልተነሱም። ከጎረቤት ለምኜ መለስኩ።»

ሰብሌ እጇን አቆመች። ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

«ልቀሚ» አሏት። «ብርድ ልብስሽ አለ። ላስቲኩን እንኳ አልነካሁትም።»

የገበያ ቀን ሲደርስ አልጨረስነውም። ይሄነው አህያውን አስሮ ሲገባ ሁለት ማዳበሪያ አየ፤ የተለቀመውንና ያልተለቀመውን። ነገሩን ስነግረው ለመቆጣት ሞከረ፤ ሦስት ሴትና አንዲት ልጅ ሰሌን ላይ ተቀምጠን ሲያይ ግን ቁጣው የት እንደሚያርፍ አጣ።

«የተለቀመው ለትልቁ ማሳ ይሆናል» አለ። «ያልተለቀመውን ገደሉ ጥግ እዘራዋለሁ። ለከብት ቢሆን ነው።»

አፉን ልሰፋ ስል እትዬ አበዛሽ የጆንያ መርፌያቸውን አቀበሉኝ። ሰፍቼ ሳልጨርስ እጃቸውን ዘረጉ፤ መርፌው እስኪመለስላቸው አላጠፉትም። ከዚያ ክፍሌ ገብተው ለመጨረሻ ጊዜ ዙሪያውን አዩ።

«አምስተኛው ሚስማር የማነው?»

«የእኔ ነው። ልንቀለው?»

ሚስማሩን በጣታቸው ነቀነቁት። «ተይው። ቀዳዳው ይብሳል።»

ትልቁ ማሳ በደንብ በቀለ። ገደሉ ጥግ የተዘራው እንደፈራነው ሆነ፤ ግማሹ ረግፎ ግማሹን ከብት በላው። የትልቁ ማሳ ግን ለዘር በቃን። መስከረም ሲያልቅ፣ ነጩ ገና አረንጓዴ እያለ፣ እዚህና እዚያ ጥቁር ዛላ ብቻውን ቀና ብሎ ታየ፤ ዓይናችን ያመለጠው ነው። ይሄነው ከድንበሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ሴትዮዋ እዚህም ድረስ መጥተው ይጠብቁናል» አለ።

እንዳይረግፍ በእጄ እየቀጠፍኩ ሰበሰብኩት። አሽቼ፣ አንፍሼ፣ በጨርቅ ቋጠርኩት። ብዙ አይደለም።

ሰገነትን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ላስገባት መካነ ሰላም ስንመለስ ሌላ ቤት ልፈልግ አስቤ ነበር። እግሬ ግን ወደዚያው ግቢ ወሰደኝ። እትዬ አበዛሽ በሩን ገርበብ አድርገው በቀዳዳው አዩኝ።

«ክፍሉ አለ?»

«መያዣ አምጥተሻል?»

«ወንድሜ ያመጣዋል። ይህን ግን ለእርስዎ ነው ያመጣሁት።»

ቋጠሮውን ሰጠኋቸው። ፈቱት። ጥቁሩን ገብስ በጣቶቻቸው መሀል አሾልከው መልሰው መዳፋቸው ላይ አደረጉት፤ ወደ ብርሃኑ ዞረው አዩት። ከየት እንደመጣ መናገር አላስፈለገኝም። አወቁት።

ከዚያ ቀና ብለው ዓይኔን አዩኝና፣

«ይሄ ብቻ ነው የበቀለው?» አሉኝ።